የሰውን ደም የሚጭነው ኤርሚያስ

ስሜ ሰይድ ነው። በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ቆማችሁ ጋሼ ሰይድ የት አለ ብትሉ የሚመራችሁ ሰው አታጡም። ኮምቦልቻ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ያስተማርኩት እኔው ራሴን ነው። እንግሊዝኛ ከሬዲዮና ከመዝገበ ቃላት ተማርኩ። ኤሌክትሪክ የተማርኩት ሰው የጣለውን ቶስተር እየፈታሁ ነው። ዛሬ በዚህ ሰፈር ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ውስጥ ማቀዝቀዣው በእኔ እጅ ያልዳነ ጥቂት ነው። ከኢሚግሬሽን የመጣለት ደብዳቤ ያልገባው ሰው ጠበቃ ዘንድ ከመሄዱ በፊት እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ብዙዎቹ ከእኔ በኋላ ጠበቃ አላስፈለጋቸውም። እድራችንን ያቋቋምኩት እኔ ነኝ። ደንቡን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ሊቀ መንበርነቱንም እስከ ዛሬ ከእጄ የወሰደ የለም።

ይህን ማለቴ ሰው በቀላሉ የማያስደንቀኝ መሆኔን እንድታውቁ ነው። ታክሲ ስነዳ ሚኒስትር የነበረ ሰው ጭኛለሁ፤ ሲወርድ ተራ ሰው መስሎኝ ነው የወረደው። ዶክተሮች አይቻለሁ፣ ተከራክሬም ረትቻለሁ። ቆሜ ያደነቅኩት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ኤርሚያስ ነው። ከሞተ ጥቂት ወራት አልፎታል። ኢንግልዉድ ካለው ቤቱ በር ላይ፣ ወደ ሥራ ሊወጣ ጫማውን ሲያስር ልቡ ቆመች። ገና ሃምሳ አልሞላውም ነበር።

ኤርሚያስ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። በዲቪ መጥቶ መጀመሪያ ኮሪያታውን በሚባለው ሰፈር ከሌሎች ጋር ተደራርቦ ኖረ፣ በኋላ ኢንግልዉድ ገባ። ሥራው ሾፌር ነው። በእኛ ሰፈር ሾፌር ያልሆነ ወይም ያልነበረ ወንድ ማግኘት ይከብዳል፤ የእሱ ጭነት ግን ይለያል። በጎ ፈቃደኞች የሰጡትን ደም ከደም ማዕከሉ በቀዝቃዛ ሳጥን እየተቀበለ ለየሆስፒታሉ የሚያደርሰው እሱ ነበር። ሳጥኑን ቫኑ ውስጥ በማሰሪያ ያስራል፤ ያም አይበቃው፣ ክዳኑን በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። ሳጥን ከጫነ ሬዲዮ አይከፍትም፣ ስልክ አያነሳም፣ መንገድ የቆረጠበትን ሾፌር እንኳ አይሰድብም። ለምን አትሰድብም ስለው፣ «ሰው ጭኜ እንዴት እሳደባለሁ ጋሼ» አለኝ።

የተዋወቅነው ከአንዱ ምግብ ቤት ጀርባ ባለው ፓርኪንግ የተነሳ ነው። ኤርሚያስ ቫኑን ባዶውን አቁሞ ምሳ ሊበላ ገብቷል። ገና አንድ ሁለቴ እንደጎረሰ ስልኩ ጮኸ፤ ተነስቶ ወጣ፤ ወዲያው ተመልሶ በየጠረጴዛው እየዞረ ይጠይቅ ጀመር።

«ይቅርታ፣ ቀይ ኮሮላ የማን ናት? መውጫዬን ዘግታብኛለች።»

ባለቤት ጠፋ። እኔ ጠራሁት።

«ልጄ፣ ምሳህን ብላ። ሰውየው ይመጣል። ደንበኛህ ትንሽ ቢጠብቅ ምን አለበት?»

«ደም ነው የማደርሰው ጋሼ። የሚጠብቀው ሰው ሆዱ ተከፍቶ ተኝቷል።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። እንዲህ ያለውን ነገር የምግቡን ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው በዝግታ ሲናገር ስሰማ ተነሳሁ። ከየጠረጴዛው ጎረምሳ ጎረምሳውን መርጬ አወጣሁና ኮሮላዋን በኋላዋ በኩል አንስተው ወደ ጎን እንዲያዞሯት አደረግሁ። ያነሱት እነሱ ናቸው፤ መላውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ማታውን ሊያመሰግነኝ ተመልሶ መጣ።

«ደረሰ?» አልኩት።

«ደረሰ።»

«ሰውየውስ ዳነ?»

«እሱን ለእኔ አይነግሩኝም። የእኔ ሥራ እስከ በሩ ነው።»

ይህችን አባባል ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ከአፉ ሰምቻታለሁ። የእኔ ሥራ እስከ በሩ ነው።

ሌላው የማልረሳው ነገሩ አለመዋሸቱ ነው። ሐበሻ ቀጠሮ ሲያረፍድ ደውላችሁ የት ደረስክ ብትሉት፣ ገና ከአልጋው ሳይወርድ «ደረስኩ፣ ፒኮ መንገድ ላይ ነኝ» ይላችኋል። እኔም እላለሁ። ኤርሚያስ ግን «ገና ነኝ፣ ካልሲ እየፈለግኩ ነው» ይል ነበር። መጀመሪያ ቀልድ መስሎን እንስቅ ነበር። ሲውል ሲያድር እውነቱን መሆኑን አወቅን። እኔው ራሴ ጋብዤው የእድራችን አባል ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እትዬ አስካለ ቅመማ ቅመምና ነጠላ የምትሸጥ የእድራችን አባል ናት። አንድ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ገብታ ብዙ ደም ፈሰሳት። ልጇ ደውሎ «ደም ያስፈልጋታል ተባለ» አለን። እኛ ይህን የሰማነው ባደግንበት ጆሮ ነው። ባደግንበት አገር፣ በሽተኛ ደም ያስፈልገዋል ከተባለ ዘመድ ክንዱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ስልኬን አንስቼ ሰፈሩን አስነሳሁ። ሱቁ ተዘጋ፣ ታክሲው ቆመ፤ ሁላችንም ሆስፒታሉ ደርሰን እጅጌያችንን ሰብስበን እንግዳ መቀበያውን ሞላነው። ደንግጣ የምታየንን ሴት በጥሩ እንግሊዝኛ የመጣነው ደም ልንከፍል ነው አልኳት። እሷም ጥበቃ ጠራች።

ከጥበቃው ጋር ስከራከር ኤርሚያስ ባዶ ሳጥን ይዞ ከውስጥ ብቅ አለ። እኛን ሲያይ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ሁልጊዜም የሚስቀው እንደዚያ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ሆናችሁ?»

«ለአስካለ ደም ልንሰጥ።»

«እትዬ አስካለ ደሟ ደርሷታል። ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ አሁን።»

«ከማን ተገኘ? ዘመዶቿ እኮ እኛ ነን።»

«እዚህ አገር ቀድሞ የሰጠ ሰው አለ። ማን እንደሚወስደው አያውቅም። ሰጥቶ፣ ብስኩቱን በልቶ፣ ወደ ቤቱ ሄዷል።»

የሰበሰብነውን እጅጌ ይዘን ቀረን። አንድ የማናውቀው ሰው፣ ምናልባት እትዬ አስካለ ስትናገር ቋንቋዋ የማይገባው፣ ባለውለታችን ሆኖ ሄዷል። እድር ደግሞ ውለታ ተሸክሞ አይተኛም። እዚያው ቆሜ ወሰንኩ፤ በዓመት አንድ ጊዜ የደም ማዕከሉ አውቶቡስ ሰፈራችን መጥቶ ይቆማል፣ አባል ሁሉ ይሰጣል። ኤርሚያስ አውቶቡሱን ሊያስመጣ ቃል ገባ። እኔም ደንቡን አወጣሁ። እድራችን ውስጥ ቀብር የቀረ አባል በሚቀጥለው ስብሰባ ቆሞ ምክንያቱን ይናገራል። ደም ያልሰጠም እንደዚሁ ቆሞ ይናገር አልኩ። ሁሉም አጨበጨበ። ኤርሚያስም አጨበጨበ።

አውቶቡሱ የመጣ ቀን ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ነርሷ ጥያቄዋን ጀመረች። ባለፈው አንድ ዓመት ከአገር ወጥተዋል ወይ አለችኝ። እህቴ ሞታ ባቲ ሄጄ ነበር አልኳት። ካርታዋን አየች፤ ወባ ያለበት ቦታ ነው፣ ለአንድ ዓመት መስጠት አይችሉም አለችኝ። ወባ ይዞኝ እንደማያውቅ ነገርኳት። የአባቴን ዕድሜ ነገርኳት። ፈገግ ብላ የሚቀጥለውን ሰው ጠራች። ከእኔ ኋላ ከነበሩትም አገር ቤት ደርሰው የመጡት በየተራቸው ተመለሱ።

ኤርሚያስ ከአውቶቡሱ ደረጃ ሥር ጁስ ያድል ነበር። ተቆጥቼ ወረድኩ።

«ደሜን ናቁት! አገሬን ስላየሁ!»

«አንድ ዓመት ነው ጋሼ። ያልፋል።»

«አንተስ ሰጠህ?»

«አልሰጠሁም።»

ወንድሙ የሚባል፣ ታክሲ የሚነዳና ምላሱ የማያርፍ አባላችን ክንዱ ላይ የተለጠፈውን ፋሻ እያሳየ ጣልቃ ገባ። «ኤርሚ፣ የሰውን ደም ስትጭን ውለህ የራስህን ትሰስታለህ? ወይስ መርፌ ትፈራለህ?»

«መርፌ አልፈራም።»

«ሶ ምንድን ነው?»

«ለስብሰባው እናገራለሁ» አለና ጁስ ሰጠው።

ስብሰባው ከመድረሱ በፊት ኤርሚያስ ሚድ ሲቲ ወዳለው ጋራዤ መጣ። አንድ ማቀዝቀዣ ፈትቼ እየሠራሁ ነበር። መፍቻዎቹን ሲያቀብለኝ ቆየና እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ ከሰው ሁሉ በፊት እርስዎ እንዲያውቁ ፈልጌ ነው። ሩበንን ያውቁታል።»

ሩበን አብሮት የሚኖር የኤል ሳልቫዶር ሰው ነው፤ ሆቴል ውስጥ ያበስላል። ሩምሜትህ አይደል አልኩት።

«ሩምሜቴ ነው ብዬ አላውቅም። ሰው እንደዚያ አሰበ፣ እኔ ዝም አልኩ። ሩበን የምወደው ሰው ነው። እንደ ባልና ሚስት ነው የምንኖረው፣ ከመጣሁ ብዙም ሳይቆይ ጀምሮ። ሕጉ ደግሞ ወንድ ከወንድ ጋር ከሆነ ደም አይሰጥም ይላል። በፊት ጭራሽ፣ እስከ ዕድሜ ልክ ነበር። አሁን አሻሽለው አንድ ዓመት ብቻውን ከኖረ ይስጥ ብለዋል።»

እኔ ጁምዓ የማላጎድል ሰው ነኝ። ባደግሁበት ቤት ይህ ነገር አይነሳም፣ ስሙም አይጠራም። ያገኘሁት መላ ይህ ነበር፦

«ታዲያ ሲጠይቁህ የለም በላቸው። አንድ ቃል ነው። ማን ያውቃል? ጤነኛ መሆንህን ታውቃለህ፤ ደሙንም ይመረምሩታል።»

«አውቃለሁ። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፣ አልፈርድባቸውም። ግን ጋሼ፣ ሳጥኑን የምጭነው እኔ ነኝ። የሚቀበለው ሰው ተኝቷል፣ ምንም መጠየቅ አይችልም። ሁሉም እውነቱን ተናግሯል ብሎ ነው የተኛው። እኔ ዋሽቼ እንዴት እጭናለሁ?»

«እሺ፣ ለስብሰባው ደም ማነስ አለብኝ በል።»

«የለብኝም።»

«እንግዲያው ደንቡን አነሳልሃለሁ። ሊቀ መንበሩ እኔ ነኝ።»

«ለእኔ ሲሉ ደንብ አያፍርሱ። ከእድሩ ልውጣ ብዬም አስቤ ነበር። ግን እናትና አባቴ የሉም፣ እዚህ ዘመድ የለኝም። ስሞት የሚቀብረኝ እድሩ ነው። ብናገር ያስወጡኝ ይሆናል፣ ባልናገር ደግሞ የሚቀብሩት ሌላ ሰው ይሆናል።»

ይህን ብሎ መፍቻውን አቀበለኝ።

እኔ ያልገባኝን ነገር አንብቤ ካልገባኝ አልተኛም። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ይህን ሕግ አነበብኩ። ሕጉ የወጣው ኤድስ ገና ምርመራ በሌለው ዘመን፣ ደም የወሰዱ ብዙ ሰዎች በበሽታው ባለቁበት ጊዜ ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። ከዚያ ምርመራው መጣ፣ ተራቀቀ፤ ሕጉ ግን ባለበት ብዙ ቆየ። በዚያ ሕግ አንድ ወንድ በየሳምንቱ ሴት ቢለዋውጥ ብዙ ሳይመረመር ያልፋል፤ ከአንድ ሰው ጋር ዓመታት በታማኝነት የኖረው ኤርሚያስ ግን አያልፍም። ይህንን ሊቅ አላስረዳኝም። ራሴ ነኝ አንብቤ የደረስኩበት።

ስብሰባው እሁድ ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤቱ የኋላ ክፍል ውስጥ ሆነ። ያልሰጡት በየተራ ቆሙ። አንዱ ስኳር አለብኝ አለ፣ አንዷ እርጉዝ ነኝ አለች፤ አንዱ መርፌ ሳይ እወድቃለሁ ሲል ተሳቀበት። እኔም ቆሜ ባቲ ሄጄ አንድ ዓመት ቆይ ተባልኩ አልኩ። ክፍሉ አጉረመረመ። «አገራችንን በሽታ አደረጉት!» አለ ወንድሙ፤ እሱ ሰጥቶ ሳለ። ከዚያ ኤርሚያስ ተነሳ። ሸሚዙን አስተካከለ። የተናገረውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«እኔም አንድ ዓመት ነው የተባልኩት። ጋሼ አገራቸውን ስላዩ ነው። እኔ ከምወደው ሰው ጋር ስለምኖር ነው። የምወደው ሰው ወንድ ነው፤ ሩበን ይባላል፣ አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሕጉ ከእሱ ተለይተህ አንድ ዓመት ኑርና ስጥ ይለኛል። አልለይም፤ አልዋሽም። ምክንያቴ ይኸው ነው።»

ተቀመጠ። እኔ በሕይወቴ ጦር ሜዳ የዋለ ሰው አውቃለሁ። እንደዚያ ያለ ድፍረት ግን፣ ጠመንጃ ሳይዝ፣ ማንንም ሳይሳደብ፣ ቆሞ ተናግሮ የተቀመጠ ሰው አይቼ አላውቅም።

መጀመሪያ የተናገረው ወንድሙ ነው።

«ሰማችሁ? እንዲህ ያለውን ሰው ነው የምንቀብረው? ይሰረዝልን።»

ከኋላ አዎ አዎ የሚሉ ተሰሙ። አንድ ሁለት ሰው ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። ኤርሚያስ ጉልበቱ ላይ እጁን አሳርፎ ወደ ፊት ያያል። እኔ ገና አፌን ስከፍት እትዬ አስካለ ተቀምጣ ሳለች ተናገረች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር፤ ሰው ለመስማት ዝም አለ።

«ወንድሙ፣ እኔን ልትቀብረኝ ነበር። ቀብሬ የቀረው ይህ ልጅ ሳጥኑን ስላደረሰልኝ ነው። ያን ቀን መንገድ ላይ ከማን ጋር ትኖራለህ ብዬ አልጠየቅሁትም።»

«እትዬ፣ እሱ ሌላ ነው...»

«ሌላ አይደለም። ምክንያት አቅርብ ተባለ፣ አቀረበ። እናንተ መርፌ እፈራለሁ ስትሉ የያዝንላችሁ እሱ እውነት ሲናገር አይያዝለትም?»

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሊቀ መንበር መሆን ማለት እንደዚያ ያለች ደቂቃ ናት። ለስኳሩም፣ ለእርጉዟም፣ ለራሴም እንዳልኩት፣ በዚያው ድምፅ አልኩ፦ «ምክንያቱ ተቀባይነት አግኝቷል። ቀጣይ።»

ከዚያ በኋላ ከእድሩ የወጡ ነበሩ። እጁን መጨበጥ የተዉም ነበሩ። እሱ ግን በየዓመቱ አውቶቡሱን ከማስመጣት አልቀረም። እኔን ያስገረመኝ ይህ ነው። የእኔ አንድ ዓመት አለፈ፤ በሁለተኛው ዙር ገብቼ ሰጠሁ፤ ነርሷም የደም ሥሬን አድንቃለች። የእሱ አንድ ዓመት ግን ማታ ቤቱ በገባ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል። እሱ እዚያው ደረጃው ሥር ቆሞ የሰጠውን ሁሉ በስሙ እየጠራ ያመሰግናል። ደሙ የሚናቅበት በር ላይ ቆሞ ሌላውን ና ግባ ማለት ለእኔ ከአቅም በላይ ነው። እኔ አንዴ ብመለስ ሰፈሩን በጩኸት አናግቻለሁ።

በአንዱ ዓመት ወንድሙ ደም ሰጥቶ ሲወርድ ራሱን ሳተ። ደረጃው ላይ የያዘው ኤርሚያስ ነው። መሬት ላይ አስተኝቶ እግሩን ወደ ላይ አንስቶ አቀፈው። ወንድሙ ዓይኑን ሲገልጥ ማን እቅፍ ውስጥ እንደሆነ አየ።

«ልቀቀኝ።»

«ኦኬ። መጀመሪያ ጁሱን ጨርስ።»

«እለቅሃለሁ እያልኩህ...» አለ፣ ገና ስላልነቃ ቃሉ ተገለባብጦበት።

«የምለቅህ እኔ ነኝ እንጂ የምትለቀኝ አንተ አይደለህም። ጠጣ።»

ያየነው ሁሉ ሳቅን፤ ወንድሙም መሳቅ አልፈልግ እያለ ሳቀ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ኤርሚያስም አልጠበቀም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የቀብር ነገር አላነሳም።

በወረርሽኙ ጊዜ የደም እጥረት ሆኖ ሕጉ ወደ ሦስት ወር ወረደ። ገርሞኛል፤ የወባውም አብሮ ሦስት ወር ሆነ። ደውዬ እንኳን ደስ አለህ አልኩት። «ታዲያ ሩበንን ለሦስት ወር እርስዎ ቤት ላምጣው? ምግብ ይሠራል፣ ግን ያንኮራፋል» አለኝ። ሳቅን። ስልኩን ስዘጋው ግን ሳቄ አብሮኝ አልቆየም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕጉ ከሥሩ ተለወጠ። ወንድ ሴት ሳይል ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ሆነ፤ ባለፉት ሦስት ወራት አዲስ ሰው ወይም ከአንድ በላይ ሰው ነበረህ ወይ፣ ከሆነስ እንዴት፣ እያለ የሚጠይቅ። ዜናውን ቀድሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ግን ማዕከሉ ጥያቄዎቹን እስኪለውጥ ወራት ፈጀ። ኤርሚያስ በየሳምንቱ ሳጥን ሲጭን ይጠይቃቸው ነበር፤ በትሕትና፣ አንዴም ሳይቆጣ።

አውቶቡሱ የመጣ ዕለት ጠዋት ደወለልኝ። የት ደረስክ አልኩት። «ደርሻለሁ ጋሼ» አለ። ስወጣ እውነትም ቆሟል፣ ከሰው ሁሉ በፊት፤ የበዓል ሸሚዝ ለብሷል። ከጎኑ ሩበን ነበር። ኤርሚያስ ጥያቄውን ሊመልስ ገባ፤ በመጋረጃው ውስጥ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ከማን ጋር እንደሚኖር ተናገረ። ስንት ዘመን እንደሆነ ተናገረ። ነርሷ እሺ፣ በዚህ በኩል አለችው። ይኸው ነው። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ እሺ፣ በዚህ በኩል።

እኔ ከአጠገቡ ካለው ወንበር ላይ ተኛሁ። መርፌው ገባ። ከረጢቱ ቀስ እያለ ሲሞላ ዓይኑን ከእሱ አልነቀለም። ሲያልቅ ነርሷን ልንካው ወይ ብሎ ጠየቃት። ፈቀደችለት። መዳፉን ከረጢቱ ላይ አሳረፈና ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ይሞቃል።»

«ደም አይደል፣ ምን ይሁን ትላለህ?»

«እኔ እስከ ዛሬ የያዝኩት ሁሉ ቀዝቃዛ ነበር» አለ።

ከዚያ በኋላ ጊዜው በፈቀደ ቁጥር ሰጥቷል። ማን እንደወሰደው አያውቅም፤ ጠይቆም አያውቅም።

ሲሞት እድሩ ወጣ። የሰው ብዛት መንገዱን ዘጋ። የሟች ቤተሰብ በሚቀመጥበት ወንበር ማን ይቀመጥ የሚል ሹክሹክታ ተነሳ፤ ሩበን ዳር ላይ ካፖርቱን ታቅፎ ቆሞ ነበር። ክንዱን ይዤ አመጣሁትና አስቀመጥኩት። አማርኛ አያውቅም፤ ሰው እግዚአብሔር ያጽናህ ሲልህ አሜን በል ብዬ አስተማርኩት። መጀመሪያ ወደ እሱ የሄደችው እትዬ አስካለ ናት። ከእሷ ቀጥሎ ወንድሙ ሄደ። ብዙ ቃል አልነበረውም፤ ጎንበስ ብሎ ጨበጠው። ሌላው ተከተለ።

እንግዲህ በዚህ ጉዳይ እኔ የሠራሁትን ልዘርዝርና ላብቃ፤ ሌላ ሰው እንዳያዛባው።

ቫኑ እንዲወጣ ኮሮላ አስነስቻለሁ።

አውቶቡሱ የሚቆምበትን ቦታ ከባለንብረቱ አስፈቅጃለሁ፤ እስከ ዛሬ በዓመት በዓመቱ ይቆማል።

ሕጉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤ ለሰፈሩ በአማርኛ አስረድቻለሁ። ያልተስማማኝን ሁሉ ተከራክሬዋለሁ፤ የረታሁትም አለ፣ ፊቱን ያዞረብኝም አለ።

ሰባ ዓመት ካለፈኝ በኋላም ደም እሰጣለሁ፤ ነርሶቹ ስሜን ያውቁታል።

ሩበንን በእድሩ አባልነት አስገብቻለሁ። ሲሞት የሚቀብረው አለው።

በመጨረሻም፣ ያልሰጠ አባል ቆሞ ምክንያቱን ይናገር የሚለውን ደንብ፣ እኔው እንዳወጣሁት እኔው አንስቻለሁ። መጥፎ ደንብ ስለሆነ አይደለም። ኤርሚያስ ከሞተ በኋላ ባደረግነው ስብሰባ አንዱ ተነስቶ ጉንፋን ይዞኝ ነበር ሲል አየሁት። ኤርሚያስ በቆመበት ቦታ ነበር የቆመው። ተቀመጥ አልኩት። አሁን አውቶቡሱ ሲመጣ የመጣው ይሰጣል፤ ያልመጣውን የሚጠይቅ የለም።